ታደሰ ያስቀራቸው ጠረጴዛዎች

መርዶው የመጣ ዕለት የባለቤቴ የታደሰ ባልደረቦች በማለዳ ገርጂ ቤታችንን ሲያንኳኩ፣ ኮምፒውተራቸው እንደ ልማዱ እምቢ ብሏቸው እሱን ፍለጋ የመጡ መሰለኝ። «ለሥራ ድሬዳዋ ነው ያለው፤ እስኪመለስ በእጃችሁ ጻፉ» ብዬ ቀለድኩባቸው። ማንም አልሳቀም።

ታደሰ ቦሌ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የአስተዳደር ኃላፊ ነበር። ድሮ እዚያ አንድ ደብዳቤ ለማውጣት ሰባት ጠረጴዛ መዞር ግድ ነበር። ኮምፒውተር ሲገባ ታደሰ ስድስቱን አስቀርቶ ነገሩ ሁሉ በእሱ ፈቃድ ብቻ እንዲያልቅ አደረገ። በዚህ ሲኩራራብኝ፣ «አንተ የሌለህ ቀንስ?» እለው ነበር።

«የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው?»

ከአርባው በኋላ ለጡረታ የሚጠየቀውን ደብዳቤ ላወጣ ጥቁሬን ለብሼ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ጽፋ ስትጨርስ ኮምፒውተሩን ትክ ብላ አየችና አንገቷን ደፋች።

«ምነው ልጄ?»

«ይቅርታ እትዬ፣ አላትምም አለኝ።»

«ምን ጎድሎት?»

«በሞት መሰናበታቸውን መጀመሪያ አቶ ታደሰ ራሳቸው ማጽደቅ አለባቸው ይላል።»

ሳቄ አመለጠኝ፤ እሷንም ይዟት ሳቀች፤ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። ሥራ አስኪያጁ ሰባት ፊርማ የሚጠይቀውን የድሮውን ወረቀት ከመጋዘን አስወጡልኝና፣ እሱ ያስቀራቸውን ስድስት ጠረጴዛዎች አንድ በአንድ ዞሬ አስፈረምኩ። ሰባተኛው የታደሰ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ባዶ ወንበሩ ላይ መቀመጥ ከብዷቸው ቆመው ፈረሙ።

ኮምፒውተሩ ግን እስከ ዛሬ የእሱን ፈቃድ እየጠበቀ ነው አሉ። ታደሰ አሁን ባለበት ፈቃጁ ሌላ ነውና፣ እባካችሁ ነፍስ ይማር በሉልኝ።