ድቤው ከመመታቱ በፊት
አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ድቤ ሊመቱ ሲሉ መጀመሪያ መዳፋቸውን በቆዳው ላይ ያሻሹና ቀና ብለው «የጎደለ አለ?» ይሉ ነበር። እዚህ ዓረብ አገር፣ አል-ዓሪዳ ውስጥ፣ አርብ ከሰዓት ለመንዙማ የምንሰበሰብ የወሎ ልጆች ነን። ሹርጣውን፣ ፖሊሱን ማለቴ ነው፣ ሸሽቶ ኮረብታውን ዞሮ የሚመጣ አይጠፋም። እሱ ሳይደርስ ድቤው አይመታም።

የሙዚቃ መምህር ነኝና፣ ሕመሙ ሲጠናባቸው ምታቸው አብሯቸው እንዳይጠፋ በኖታ ልጽፈው ተነሣሁ። ድቤ እንደ ዋሽንት ዜማ ስለማያወጣ አምስት መስመር አያስፈልገውም፤ አንድ ይበቃዋል። በመዳፍ የሚመታው ከመስመሩ በታች፣ በጣት የሚመታው ከመስመሩ በላይ፣ ጭብጨባው ደግሞ በኤክስ ምልክት ይጻፋል።

«አጎቴ፣ ማሻሸቱን ልተወው? ድምፅ የለውም እኮ» አልኳቸው።

«አይ መምህሩ! እሱን ከተውከው ኸላስ፣ አበቃ፣ ቆርቆሮ ደብድብ» ብለው ሳቁብኝ።

ምልክት ሳላገኝለት ሞቱ። በቀጣዩ አርብ ልጆቹ ድቤውን ለእኔ ሰጡኝ። መዳፌን በቆዳው ላይ አሻሸሁና ሳላስበው «የጎደለ አለ?» አልኩ። ሁሉም እሳቸው ይደገፉት ወደነበረው ግድግዳ ዞረ። እኔም ለመምታት እጄን ማንሣት አቃተኝ።

የተለመደ ምልክት ለሌለው ነገር ጸሐፊው የራሱን ፈጥሮ ትርጉሙን ከገጹ ራስ ላይ ማስቀመጥ ይችላል። ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ኖታው ላይ ከመጀመሪያው ምት በፊት ትንሽ ክብ አደረግሁ። ከገጹ ራስ ላይም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ክብ፦ መዳፍህን አሻሽ። ያልመጣውን ጠብቅ።»