የጎረቤቴ ፊልምና ያልተቀመጡት ሽማግሌዎች

እዚህ ደቾች አገር፣ ኒው ዌስት በሚባለው ሰፈር፣ ከቤቴ በር ፊት ለፊት አንዲት የታሚል ሴት ትኖራለች። ሁለታችንም አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርን እንንከባከባለን፤ የምንግባባው በተሰባበረ ደችኛ ነው። ፍልሰታ እስኪፈታ ጠብቃ፣ «እንግዲህ ጾም የለብሽም» ብላ የአገሯን ፊልም እንዳይ ጠራችኝ። ልጄን ይዤ ሄድኩ።

ታሪኩ የገጠር ልጅ የከተማ ልጅ ሲያገባ የሚፈጠረው ግርግር ነው። አማትየዋ ሙሽራዋን ጎህ ሳይቀድ ቀስቅሳ ግቢ ታስጠርጋታለች። ሙሽራዋ መጥረጊያውን ተደግፋ ቆማ ስታንቀላፋ ልጄ በሳቅ ሞተች። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ሮተርዳም ወደብ የሚሠራ፣ ገጠር አድጎ የመጣ ልጅ በሚቀጥለው እሁድ ልጄን ለማግባት ሽማግሌ ሊልክብን ነበር። አባቷ ካረፈ ወዲህ መልሱ የእኔ ነው። እዚህ ተወልዳ ያደገችን ልጅ ለገጠር ሰው ልስጥ? ጸለይኩበት፤ ቁርጡን ግን አላወቅሁም።

«አንቺ የማን ወገን ነሽ?» አልኳት ጎረቤቴን።

«ድሮ የሙሽራዋ ነበርኩ። ልጄ ካገባ ወዲህ የአማትየዋ!»

ቀጥሎ ሁለቱ አባቶች ስለ ጋብቻው ሲጨቃጨቁ ሙሽራዋ በር ሥር ቆማ ታዳምጣለች። «ምነው እሷን አንድ ሰው ቢጠይቃት?» አልኩ። ልጄ ዞር ብላ አየችኝ።

እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ሊፍቱ ተበላሽቶ አራት ፎቅ በእግራቸው ወጥተዋል። በደንቡ፣ እሺ ሳይባሉ አይቀመጡም። እኔም በደንቡ፣ «ዘመድ ላማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ልል ተዘጋጅቻለሁ። ልጄ ግን ወንበር ስባ ትልቁን ሽማግሌ፣ «አባባ፣ ቁጭ በል» አለቻቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«የለም ልጄ፣ እሺ ካልተባልን አንቀመጥም» አሉ ጉልበታቸውን እያሻሹ።

«እማዬ፣ እሺ በያቸው እንጂ! ጉልበቱን አሞታል እኮ!»

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔ ትዝ ያለችኝ በር ሥር የቆመችው ሙሽራ ናት። ያዘጋጀሁትን ቃል ዋጥ አደረግሁና፣

«ስለ ጉልበታቸው ነው ወይስ ስለ ልጁ?» አልኳት በሰው ፊት።

አቀረቀረች። «ስለ ልጁም» አለች።

«ገጠር ያደገ መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ግቢ እንዳያስጠርገኝ ደግሞ፣ እሱም የሚኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው።»

«እንግዲያው ተቀመጡ» አልኳቸው ሽማግሌዎቹን።