ዋጋ ያልተጻፈበት ግመል

ዛሬ ነገሌ ላይ አንድ የዲጂታል ግብይት አሠልጣኝ ሳያስበው የግመል ባለቤት ሆነ። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው።

ጃርሶን በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ዕድሜውን ሙሉ የግመል ደላላ ነበር፤ አሁን ገዢና ሻጭ በስልክ ስለሚገናኙ ሥራው ቀዝቅዞበታል።

ስለዚህ ሥልጠና ገባ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ድሮም ብቻውን ሲተዉት ያንቀላፋል።

የዛሬው ፈተና ግልጽ ነበር፦ አንድ ነገር ስልክ ላይ ለጥፎ እስከ ምሳ ሰዓት ያልሸጠ ምስክር ወረቀት አያገኝም። ያለ ምስክር ወረቀት ደግሞ አዲሱ የስልክ ሽያጭ ሥራ የለም።

ጃርሶ የራሱን ግመል ፎቶ ለጠፈ፤ ዋጋ ግን አልጻፈም።

"አባባ፣ ዋጋ ይጻፉ እንጂ!" አለ አሠልጣኙ።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ዋጋ አደባባይ ላይ ይለፈፋል እንዴ? በኩታ ሥር በጣት ነው የሚነገረው።"

"እንዴት ነው እሱ? እስቲ ያሳዩኝ።"

ጃርሶ ኩታውን ጣል አድርጎ እጁን ያዘው፤ ጣቶቹን ጫን ጫን አደረገ። አሠልጣኙም ለትሕትና ብሎ ጠበቅ አድርጎ ጨበጠው።

በእኛ ገበያ እንዲህ የጨበጠ ገዝቷል።

"ተሸጠ! ቲቸር፣ ምስክሬ ነዎት!" አለ ጃርሶ ወደ እኔ ዞሮ።

ሰዓቴን አየሁ፤ ምሳ አልደረሰም። "ትክክል" አልኩ።

አሠልጣኙ እያላበው ምስክር ወረቀቱን ፈረመ። የሚኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ግመሉን ዋጋ ጽፎ መልሶ ለጥፎታል። ይህን እስክጽፍ ድረስ የደወለለት የለም።

እናንተ ዘንድስ ሠልጣኝ አሠልጣኙን ያስተማረበት ቀን አለ? ጻፉልኝ፤ ፊደል የገደፈውን ግን በቀይ አርማለሁ።