ለፈጣን ውሃ የሚሆን እርሳስ

አሁን በምኖርባት ከተማ በዋሊሰለን፣ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ለባለቤቴ ስጦታ ስመርጥ የአዲስ ናይለን ክር ሽታ አዋሽ ዳር መለሰኝ።

ገና ልጅ ነበርኩ። አባዬ መንጠቆው ወደ ታች እንዲሰምጥ ክሩ ላይ የሚታሰረውን እርሳስ በመዳፉ እየመዘነ፣ «ውሃው ሲፈጥን ከባዱን ነው የምናስረው፤ አለዚያ ወንዙ ይወስደዋል» አለኝ። ወረወረው፣ ወዲያው ሳበው፣ መንጠቆ ቀየረ፣ ደግሞ ወረወረ። አንድ ቦታ መቆም አቃተው። በማግስቱ እማዬ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ጄኔቫ ልትሄድ ነበር።

«ዓሣዋ እኮ እምቢ አለች» አልኩት።

«በምን ላስቀራት?» አለ ውሃውን እያየ።

ስለ ዓሣዋ መስሎኝ፣ «ትልቅ ትል አድርግላት» አልኩት። ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ምንም ሳልገዛ ከሱቁ ወጣሁና ጄኔቫ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ያኔ አባዬ ቅሪ ብሎሽ ነበር?»



«አላለኝም» አለች። «ቢለኝ እቀር ነበር።»