የተመለሰ ዳቦ

አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ጾም ላይ የሚያህላቸው ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ላሞግሳቸው ብዬ አይደለም፤ አብሬያቸው ስለኖርኩ ነው። የካ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ወዳለው ግቢያቸው በሙሽርነት የገባሁት በንጉሡ ዘመን ነው፤ ያኔ ከእኛ ቤት በላይ ባሕር ዛፍና ቤተ ክርስቲያን እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። እኔ ያደግሁበት ቤት ረቡዕና ዓርብን ይጾማል፣ ሁዳዴን ይጾማል፣ ከዚያ የተረፈውን «እግዜር ይወቀው» ብሎ ያልፋል። እሳቸው ግን የታዘዘውንም ያልታዘዘውንም ይጾሙ ነበር። በጾም ቀን ወተት የነካ ማንኪያ ማጀት ውስጥ ካገኙ ቀኑን ሙሉ አኩርፈው ይውላሉ። እኔ ነፍሰ ጡር ሆኜ እንኳ «ጽንሱም ከአሁኑ ይልመድ» ይሉኝ ነበር። ኧረ ሆዴ ውስጥ ያለው ምን በደለ ብል ማን ሊሰማኝ!

መስጠት ደግሞ ይወዳሉ። ከደጃቸው ባዶ እጁን የተመለሰ ለማኝ አላየሁም። መቀበል ግን አይሆንላቸውም። ጎረቤት በሰሃን አንድ ነገር ከላከ፣ ሳይውል ሳያድር የበለጠ ሞልተውበት ይመልሱታል። «የሰው እጅ ከማየት ሞት ይሻላል» ይላሉ፤ ደግሞ ከልባቸው ነው።

ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ይመኙ ነበር፦ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው መሞት። ከባላቸው ጋር «ዘንድሮ እንቆርባለን፣ ለከርሞ እንቆርባለን» ሲባባሉ ሰውየው በድንገት ሄዱ። እሳቸውም ልባቸው እየደከመ መጥቶ፣ ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን ይዘው መቆም ጀምረው ነበር። «ሳልቆርብ ብሞት ምን ይውጠኛል?» ሲሉ ድምፃቸው የሕፃን ድምፅ ይሆናል። ያን ጊዜ አንጀቴን ይበሉታል፤ ስለ ማንኪያው የተባባልነው ሁሉ ይጠፋኛል።

ታዲያ አንድ ዓመት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ለፍልሰታ ለመቁረብ ቆርጠው የነፍስ አባታችንን አስጠሩ። አባ ጆሯቸው የከበደ ሽማግሌ ናቸው። ኑዛዜ በምስጢር ነው የሚባለው ለሌላ ቤት ነው፤ እኛ ቤት አማቴ ለአባ እንዲሰማ ጮኸው ይናገራሉ፣ አባም እንደ ደንቆሮ ልማድ ጮኸው ይመልሳሉ። እኔ ማጀት ሆኜ ጆሮዬን ልድፈነው? ሰማሁ።

አማቴ ኃጢአታቸውን ዘረዘሩ። አንድ ቀን ቅዳሴ ሳያልቅ ውሃ መጠጣታቸውን፣ አንድ ሌላ ቀን ዳዊት ሲደግሙ መተኛታቸውን ተናገሩ። አባ «ሌላስ?» እያሉ ሰሙ፣ ሰሙና፣

«ያቺ ሸክላ ሠሪዋስ?» አሉ።

እኔ ማጀት ውስጥ ሆኜ የያዝኩትን አስቀመጥኩ።

ሸክላ ሠሪዋ ከእኛ በታች፣ ወንዙ ዳር ትኖራለች። ድስቱንና እንስራውን ሁሉም ከእሷ ይገዛል፤ በቤቷ ግን ማንም አይቀምስም፤ «ቡዳ ናት» ይሏታል። እሷ ስታልፍ ልጃቸውን ነጠላ ውስጥ የሚሸጉጡ እናቶች በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ በገባሁ በዓመቱ የማርያም የጽዋ ማኅበር እኛ ቤት ነበር፤ ሴቶቹ ተሰብስበው ከአንድ ጽዋ እየተቀባበሉ የሚጠጡበት። ሸክላ ሠሪዋ ድፎ ዳቦ ጋግራ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍና፣ በራሷ ተሸክማ መጣች። «እኔም የማርያም ልጅ ነኝ፤ ማኅበር አስገቡኝ» አለች። አማቴ በር ላይ ወጥተው ተቀበሏት። ጨርቁን እንኳ አልገለጡም። «እዚያው ቤትሽ ዘክሪ፤ እኛ ከአንድ ጽዋ አንጠጣም» ብለው እስከነዳቦዋ መለሷት። ሴቲቱ ዳቦውን እንደተሸከመች ቁልቁል ወረደች። እኔ የትናንት ሙሽራ ነኝ፤ ምን እላለሁ? ዝም አልኩ።

«ስግደት ይስጡኝ አባ» አሉ አማቴ። «ልቤም ቢደክም እሰግዳለሁ።»

«ስግደትማ ታውቂበታለሽ» አሉ አባ። «ስግደት አልሰጥሽም። ዳቦዋን ከመለስሽባት ቤት ሄደሽ ለምነሽ ብይ። ከዚያ ትቆርቢያለሽ።»

«ለምኜ?»

«አዎ፣ እንደ ለማኝ። ስለ ማርያም ብለሽ።»

«አባ! እኔ እኮ ከደጄ ስንት ለማኝ አብልቼ…»

«አውቃለሁ ልጄ። እግዚአብሔር ፊት ስትቆሚ ግን የምትቀርቢው ባዶ እጅሽን ነው። ከአሁኑ ተለማመጂ።»

አባ ከወጡ በኋላ አማቴ «ጃጅተዋል» አሉኝ። እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር። ንስሐ ሲባል መቀነስ፣ መራብ፣ መስገድ ነው የማውቀው፤ «ብይ» የሚል ንስሐ ሰምቼ አላውቅም። ደግሞስ ዳቦ መመለስ ነውር እንጂ ቁርባን የሚከለክል ኃጢአት ነው? አሁን ሳስበው ይገርመኛል፣ ያኔ ግን አባ የእውነት ያረጁ መስሎኝ ነበር።

ፍልሰታ ገባ። አማቴ ስኳርና አዲስ ነጠላ አስይዘውኝ፣ በጭቃው እየተንሸራተትን ወደ ወንዙ ወረድን። ሸክላ ሠሪዋ ደጃፏ ላይ ጭቃ እያሸች ነበር። ቀና ብላ አየችንና እጇን ሳትታጠብ ቆመች።

«እሜቴ! ምን እግር ጣለዎት?»

«እንዲያው ልጠይቅሽ ብዬ» አሉ አማቴ። «ይችን ይዤልሽ… ደግሞ የጾም የሚቀመስ ነገር ካለሽ እቀምሳለሁ።»

ሴቲቱ ስኳሩን አየች፣ ነጠላውን አየች። «ስኳርና ነጠላ ይዞ የሚለምን ለማኝ ዛሬ ገና አየሁ» አለች። እኔ ሳቄ አመለጠኝ፤ አማቴ በዓይናቸው ሊውጡኝ ምንም አልቀራቸው።

«አባ አዘዙዎት አይደል? ድምፃቸው እኮ እዚህ ወንዝ ድረስ ይሰማል። ዳቦዬ አልቋል፣ እሜቴ። ያኔ ይዤው የመጣሁት ነበር ዳቦዬ።» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «ያኔ ረግጠውኝ አለፉ። አሁን ደግሞ ረግጠውኝ መንግሥተ ሰማይ ሊወጡ? መሰላል አይደለሁም!»

ተመለስን። አማቴ መንገዱን ሙሉ «አየሻት? አየሻት አይደል ስትሳደብ?» ይላሉ። እኔ ግን የቱ ጋ እንደተሳደበች አልገባኝም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ስጦታውን ትተው፣ ዝናብ እየዘነበ ብቻቸውን ሄዱ። ልባቸውን ፈርቼ ከኋላ ተከተልኳቸው። አጥሩ ጋ ቆሙ። «ስለ…» አሉ። አላስኬዳቸውም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንደገና «ስለ…» አሉ። ውስጥ የሴቲቱ ልጆች ይንጫጫሉ፤ እሷ በበሩ ስንጥቅ ታያለች፤ ስታይ አይቻታለሁ። አማቴ እንዲያው እንደቆሙ በሰበሱና ተመለሱ። ቤት ገብተን ልብሳቸውን ስቀይርላቸው «ቃሉ አልወጣልኝም» አሉ። «ስንት ጊዜ ደጄ ላይ የሰማሁት ቃል፣ እኔ አፍ ላይ ተጣበቀ።»

አባ ዘንድ ሄደው ተከራከሩ። እኔም ደግፌ ይዤያቸው ነበር።

«ሞክሬያለሁ አባ። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ።»

«በላሽ?»

«አልሰጠችኝም እኮ!»

«እንግዲያ አልበላሽም።»

«እሷ ካልሰጠችኝ እኔ ምን ላድርግ?»

«ምንም» አሉ አባ። «ምንም ማድረግ አትችይም። እሱን እኮ ነው የምልሽ።» ብለው ጸሎታቸውን ጀመሩ።

እኔ በበኩሌ ተናደድኩ። ሰው የማይችለውን አዝዞ፣ አልቻልኩም ሲል «እሱን እኮ ነው የምልሽ» ማለት ምን ማለት ነው? አማቴ ግን ሌላ መንገድ የሚያውቁ ሰው አይደሉምና ጾሙን ጨመሩበት። ማታ ማታ ከጭብጥ ቆሎ በቀር አይቀምሱም። ፊታቸው ከስቶ አጥንታቸው ወጣ። «እትዬ፣ ይህ እኮ ራስን መግደል ነው» ብላቸው፣ «እግዜር ያይልኛል» አሉኝ። ሲሉት ግን እንደ ድሮው እርግጠኛ አልነበሩም፤ ጥያቄ ይመስል ነበር።

የፍልሰታ ፍቺ ዕለት ገና ጎህ ሳይቀድ ቀሰቀሱኝ። ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። «አባ ፊቴን ሲያዩ ይራሩልኛል፤ እንሂድ» አሉ። እኔ ጃንጥላ ይዤ ተከተልኩ። ለፍቺው ዶሮ ተሠርቶ ቤት ይጠብቀናል። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወጣው መንገድ መጀመሪያ ወንዙ ድረስ ወርዶ፣ በሸክላ ሠሪዋ ደጅ በኩል ነው የሚያልፈው። ሌላ መንገድ ቢኖር ኖሮ በዚያ ይሄዱ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ የለም።

ሴቲቱ ደጃፏ ላይ ቆማለች። ከኋላዋ ድስት ይንተከተካል።

«እሜቴ!» ብላ ጠራች። «ቅቅል በቆሎ አለ። ይምጡ ይብሉ።»

«ዛሬ? አሁን? ሊቆርቡ እኮ ነው የሚሄዱት!» ብዬ ጮህኩ። «ስንመለስ እንቀምስልሻለን!»

«ስትመለሱ የለም። አሁን ነው ያለው» አለች።

በቆሎውን ከሁለት ሰበረች። አንዱን ራሷ ገመጠች፤ ሌላውን ጭቃ በማይለቀው እጇ ዘረጋች። ከላይ የከበሮው ድምፅ መጣ። ከበሉ፣ የበላ ሰው አይቆርብም። ካልበሉ፣ አባ ያዘዙት አልተፈጸመምና አሁንም አይቆርቡም። ምን ዓይነት ነገር ነው ይሄ? ለዚህ ቀን ስንት ዘመን የጠበቀ ሰው፣ ደጃፉ ላይ ሲደርስ በበቆሎ ይያዝ? «እትዬ፣ እንሂድ» አልኩ፤ ከዚያ ደግሞ «እትዬ፣ ይብሉ» አልኩ። የምለውን አላውቅም ነበር።

አማቴ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዩ። ወደ በቆሎው አዩ። ነጭ ቀሚሳቸውን እንኳ ሳይሰበስቡ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና፣ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉ። በሉ። ፍሬ እንኳ ሳያስቀሩ ቆረቆንዳው ብቻ እስኪቀር ድረስ በሉ። እንደዚያ ሲበሉ አይቻቸው አላውቅም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከሴቲቱ ጋር ከተቀራረብን ወዲህ፣ ለምን ያን ዕለት፣ ለምን በዚያ ሰዓት ብዬ ጠይቄያታለሁ። «ከስተው አየኋቸው። ሰው ሲርበው ምን እንደሚመስል አጥቼው ነው?» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ቂምም ነበረኝ፤ አልዋሽሽም» አለች። የቱ እንደበለጠ እሷም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ።

ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ አማቴ እንደ በላ ሰው ከቅጥሩ ውጭ፣ ከለማኞቹ አጠገብ ቆሙ። እኔም ጥያቸው አልገባ፣ አብሬ ቆምኩ። የሚቆርቡት ሲጠሩ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። እኚህ አባ የተባሉት ሰውዬ ምን ቢሠሩብን ነው ብዬ በሆዴ ረገምኩ፤ እመቤቴ ይቅር ትበለኝ።

ቅዳሴው ሲፈታ አባ ወደ እኛ መጡ።

«ለምን ውጭ ቆምሽ?»

«በላሁ።»

«ምን?»

«በላሁ አባ!» ብለው ጮኹ፤ ሕዝቡ ሁሉ ዞረ። «በቆሎ! ከእሷ ቤት!»

«መቼ?»

«አሁን! ጠዋት!»

አባ ጢማቸውን አሻሹ። እኔ አንድ የተዘጋጀ የመጽሐፍ ቃል የሚያወጡ መስሎኝ ነበር፤ «ዛሬ ጠዋት… እኔ እንኳ እንዲህ ይሆናል አላልኩም» ብቻ አሉ። ግራ የገባቸው እሳቸውም ነበሩ! ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ ለማድረግ ሞከሩና፣ «ምን ተሰማሽ ልጄ?» አሉ።

«ራበኝ» አሉ አማቴ። «ይህን ሁሉ ቀን ስጾም ያልራበኝ፣ ስበላ ራበኝ።»

አባ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑላቸው። «እሑድ ነይ» አሉ። «እንደ ራበሽ ነይ።»

ቁልቁል ስንወርድ እኔ ዶሮው እንዳይቀዘቅዝ አስባለሁ፣ ስለ እሑድ አስባለሁ፤ ቀኑ ከሰረ ወይስ አተረፈ እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ሸክላ ሠሪዋ አጥር ጋ ደረስን። አማቴ ቆሙ። ደክሟቸው መስሎኝ ክንዳቸውን ያዝኩ። እጄን ቀስ አድርገው አስለቀቁኝ።

«ቤቶች!» አሉ። «ስለ ማርያም! ከዚያ በቆሎ የተረፈ ካለ…»

በሩ ተከፈተ። ሴቲቱ ብዙ አየቻቸው። «አዲስ ጥጃለሁ» አለች። «እስኪበስል ይግቡ።»

ዝቅ ብለው ገቡ። እኔ ጃንጥላውን እንደያዝኩ ደጅ ቆምኩ፤ ልግባ አልግባ ገና አላወቅሁም ነበር።