አማቴ በአሜሪካ ቆጠራ ሲወዳደሩ

ቆሰበር ከተማ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። የአሜሪካን ምርጫ መከታተል የጀመርኩት ካርታ ስለምወድ ነበር፤ እያደር ግን ሱስ ሆነብኝ። ያለፈው ምርጫ ድምፅ የተቆጠረው በኛ ረቡዕ ጠዋት ነው። የከሰዓት ፈረቃ ስለነበርኩ ጋቢዬን ተከናንቤ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ አልኩ።

የባለቤቴ አባት ድንች ይዘውልን ከገጠር የመጡት ያን ጠዋት ነው። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ካርታውን ዐይተው ዐይተው፣

«ቀዩ ደጋው ነው?» አሉኝ።

«አይደለም አባቴ፤ ቀይና ሰማያዊ የሁለቱ ፓርቲዎች ቀለም ነው።»

«ታዲያ ቀዩ አገሩን ይዞት የለም እንዴ? ምን ይቆጥራሉ?»

«መሬት አይመርጥም። የሚመርጠው ሰው ነው።»

«እንግዲያ ብዙ ሰው ያገኘው ያሸንፋል።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ማስተማር የለመደ አፍ ግን ዝም አይልም። እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ድምፅ እንዳለው፣ በጥቂት ሰው የበለጠ የግዛቱን ድምፅ ጠቅልሎ እንደሚወስድ፣ ስለዚህ ብዙ ሰው መርጦት የሚሸነፍ እንዳለ አስረዳኋቸው።

«ሆኖ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

ዐይናቸውን ወደ ካርታው መለሱ። ለአሜሪካኖቹ አዝነው መስሎኝ ነበር። እሳቸው የሚያስቡት ግን ስለ እድራቸው ነው።

እድሩ የሦስት ጎጥ ሰዎች ያሉበት ነው፤ ሰብሳቢውን ዳኛ ይሉታል። አዲስ ዳኛ የሚመረጥበት ጊዜ ደርሶ ነበር። የአማቴ ተፎካካሪ ንብ አናቢ ሲሆን የታችኛው ጎጥ ሰው ነው፤ የታችኛው ደግሞ ሕዝቡ ብዙ ነው። አማቴ በላይኛው ጎጥ ይታመናሉ፤ በመካከለኛው የሚስታቸው ዘመዶች አሉ። እያንዳንዱ ጎጥ አንድ ድምፅ ከኖረው ሁለት ለአንድ ያሸንፋሉ ማለት ነው።

በሳምንቱ ደወሉልኝ። «እድሩ በአሜሪካ ሕግ ሊመርጥ ተስማምቷል። አንተ ታዛቢ ነህ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በየጎጡ ተለይቶ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሕጉን በአማርኛ አስረዳሁ፤ አንድ ሽማግሌ በአገሩ ቋንቋ በአውኚ ደገሙት። እሳቸው ያሉት ከኔ በጣም ያጠረ ነበር፤ ሰዉም የገባው ያኔ ነው። ከዚያ እጅ መቁጠር ጀመርኩ።

ላይኛው ጎጥ አንድ ሳይቀር ለአማቴ እጁን አወጣ። ታችኛው ለንብ አናቢው ሆነ፤ ሆኖም ግማሽ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ለአማቴ እጅ ሲያወጣ እሳቸውም ደነገጡ። ቀረ መካከለኛው። እዚያ በሁለት ሰው ተሸነፉ። የሚስታቸው ወንድም እጁን ጋቢው ውስጥ ሸሽጎ ወደ ዛፉ ያይ ነበር።

ሰው በሰው ቢቆጠር አማቴ በሰፊው በልጠዋል። በጎጥ ግን ሁለት ለአንድ ተሸንፈዋል። ይህንን ቆሜ መናገር የኔ ሥራ ነበር። ስናገር ፊታቸውን አላየሁም።

«ሰዉ ይቆጠር» አሉ አማቴ።

«ሕጉን ያመጣኸው አንተ ነህ» አላቸው ንብ አናቢው፣ በትህትና።

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። «አሜሪካ ይግባኝ የለም?»

«አለ አባቴ። ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ።»

«የኛ ዳኛ ማን ነው?»

ሰዉ ሁሉ አሁን ዳኛ ሆኖ የተመረጠውን ንብ አናቢ አየ። መጀመሪያ የሳቁት አማቴ ናቸው።

ሳቁ ሲበርድ «እዚያ የተሸነፈ ሰው ምን ያደርጋል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ላሸነፈው ስልክ ደውሎ እንኳን ደስ ያለህ ይለዋል።»

ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ንብ አናቢው አሥር እርምጃ ያህል ፊት ለፊታቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ፤ አውጥቶ ጆሮው ላይ ለጠፈው።

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ» አሉት። «እንኳን ደስ ያለህ።»

«አሜን። አሁን የት ነህ?»

«እዚሁ ነኝ» አሉና ዘግተው ሊያቅፉት ተነሡ።