ለቁልቋሉ የተሰፋ ልብስ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ከምንኖርበት ክፍል በታች፣ ከደረጃው ሥር ናት፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ መቁረጫ ጠረጴዛና አንድ ሰፊ መስኮት አላት። በመስኮቱ ደፍ ላይ ሰባት ቁልቋሎች ተደርድረዋል። በግድግዳ የሚለያት ጎረቤቷ ፀጉር አስተካካዩ «እትዬ ሚሊሜትር» ይላታል፤ ሳትለካ የምታደርገው ነገር የለምና።

በዚያች ሱቅ የማይሻር ሕግ አለ። የጨርቁ መቀስ ከጨርቅ በቀር ምንም አይነካም። አንዴ ካርቶን ቆርጬበት፣ ሳምንት ሙሉ በስሜ ሳይሆን «ካርቶን» ብላ ጠርታኛለች።

የመጀመሪያውን ቁልቋል ከደንበኛ በስጦታ ስታገኝ ስለ ተክል የምታውቀው ነገር አልነበረም። ከእሾሁ ሥር ነጭ ነገር ብታይ የጨርቅ ብናኝ መሰላት። ሱቁ ሁሉ ብናኝ ነው፤ ማን ይጠረጥራል? ለወራት በልብስ ብሩሽ ስትጠርገው ኖረች። ብናኙ ግን ዞሮ ዞሮ እዚያው ቦታ ይመለሳል። አንድ ቀን በአጉሊ መነጽር ብታየው፣ ብናኙ እግር አለው።

«ሳልጋብዝ ስቀልብ ኖሬያለኋ!» አለች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ቁልቋሎቹን አንድ በአንድ ወደ መቁረጫ ጠረጴዛው ታወርዳቸዋለች። እንደ ደንበኛ ወገባቸውን በሜትር ትለካለች፤ አናታቸውን ታያለች፤ እግራቸውን በአውራ ጣቷ ትጫናለች። ከታች እንደ ቆዳ የጠነከረ ቡናማ ቅርፊት እርጅና ነው፤ አያሳስብም። ጣት የሚሰርግበት ቡናማ ግን ብስባሽ ነው። አናቱ ቀጥኖና ገርጥቶ የተመዘዘው ደግሞ ብርሃን የጠማው ነው። አንድ ቅዳሜ እንዲህ ያለውን ወደ መስኮቱ እያስጠጋች ቀና ብላ አየችኝና፣ «አንቺም ሌሊቱን ሙሉ እያነበብሽ ቀን መጋረጃሽን ዝጊ፤ አንገትሽን የምለካበት ቀን ይመጣል» አለች።

ባለፈው ዓመት ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ ፖስተኛ ለዓይን ሕክምና ወንድማቸው ዘንድ፣ ወደ ሌላ ከተማ ሊሄዱ ሆነ። ጉልበት የሚደርስ ቁልቋል በሁለት እጃቸው አቅፈው መጡ። ሟች ባለቤታቸው በተጋቡበት ዓመት የተከሉት ነው።

«አደራ ልጄ» አሏት። «ከሷ የቀረኝ ሕይወት ያለው ነገር ይሄ ብቻ ነው።»

«በሕይወት እመልስልዎታለሁ፣ ጋሼ።»

ለአደራ ዕቃ ክብር ይገባል ብላ ለሸክላው ልብስ ሰፋችለት። ከወፍራም የፕላስቲክ የጠረጴዛ ልብስ የተቆረጠ፣ ሰማያዊ አበባ ያለው፣ ታቹ በድርብ ስፌት የተዘጋ፣ አንገቱ ላይ ላስቲክ የገባበት ነው። ጠረጴዛዋም ከውሃ ዳነ፤ ሸክላውም አማረ።

«ስንት ዓመት ጎረቤትሽ ሆኜ ለኔ እንዲህ ልክ የሚሆን ሱሪ ሰፍተሽልኝ አታውቂም!» አላት ፀጉር አስተካካዩ።

«ያንተ ወገብ በየሳምንቱ ይለዋወጣል፤ የሱ አይለዋወጥም።»

ፖስተኛው በየእሑዱ እየደወሉ ይጠይቁ ነበር። «ደህና ነው» ትላቸዋለች፤ ደህናም ይመስል ነበር። በሁለተኛው ወር ግን የቁልቋሉ አናት መልኩን ለወጠ። ወደ ላይ መሾሉን ትቶ ወደ ጎን ተዘረጋ፤ ቀጥሎም እንደ ማራገቢያ ሆኖ ጫፉ ተሸበሸበ። አክስቴ በተረከበችው ኮት ላይ የተጣመመ ስፌት ያየች ያህል ደነገጠች።

«ወንበሬ ላይ አስቀምጪልኝና ጎፈሬውን ላስተካክለው» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«እጅህን ሰብስብ!»

ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩት መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያለውን አናት አገኘሁና አነበብኩላት። የሚያድግበት ነጥብ ተለጥጦ መስመር ሲሆን እንዲህ ይዘረጋል፤ ለምን እንደሚሆን ሁልጊዜ አይታወቅም፤ ጠንካራና አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ግን ከመልኩ በቀር ጉዳት የለውም። ትንሽ ተረጋጋች። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኗ ከአናቱ አልተነሳም። ደንበኛውም መንገደኛውም አናቱን ሊያይ ወደ ሱቁ ይገባል። እግሩን የተጫነ አንድም ሰው አልነበረም፤ ልብስ ለብሷላ።

አንድ ቅዳሜ ሱቁን መጥፎ ሽታ ሞላው። እርጥብ ሱፍ መሰላት። ቀጥሎ ቁልቋሉ ዘመም ማለቱን አየች። ያን ጊዜ ታደርገዋለች ብዬ የማላስበውን አደረገች፤ የጨርቁን መቀስ አንስታ የፕላስቲኩን ልብስ ከአንገቱ እስከ ታቹ ቀደደችው። አንድ ብርጭቆ የሚሆን ጥቁር ውሃ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ከላይ ወደ ታች እየተጫነች ወረደች፤ ጠንካራ፣ ጠንካራ፣ ጠንካራ። አፈሩ ጋ ስትደርስ አውራ ጣቷ ገባ።

«በገዛ እጄ!» አለች ቁጭ ብላ። «ውሃ መውጫውን በድርብ ስፌት ዘጋሁበት።»

ፀጉር አስተካካዩ ድምጿን ሰምቶ መጣ። አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ተይው እትዬ። ይሄን የሚመስል ገበያው ሞልቷል። የጋሼ ዓይን እንደሆነ ገና አልጠራም፤ አይለዩትም።»

«ዓይናቸው ባያይ ጣታቸው ያያል። ደግሞ አደራ በላ ልታደርገኝ ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም!» ወደኔ ዞረች። «ስልኬን አቀብዪኝ።»

የሰው ነው፤ ሳይፈቀድላት ልትቆርጠው አልፈለገችም።

«ጋሼ፣ ቁልቋሉ በስብሷል። ያበሰበስኩት እኔ ነኝ። የበሰበሰውን ካልቆረጥኩ ወደ ላይ ይወጣል። ብቆርጠውም ላይድን ይችላል።»



«ቁረጪው» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ፀጉር አስተካካዩ አፍሮ ወጣና ምላጩንና አልኮሉን ይዞ ተመለሰ። እሱ በጨርቅ ጠቅልሎ ያዘ፤ እሷ ቆረጠች። በየቁርጡ ስለቱን በአልኮል ትጠርጋለች፤ አለዚያ በሽታውን ወደ ጤነኛው የሚያደርሰው ስለቱ ራሱ ነው። የመጀመሪያው ቁራጭ እንደ ረጠበ ሳሙና ሟሟ። በሁለተኛው መሃሉ ላይ የዝገት ቀለም ያለው ክብ ታየ። በሦስተኛው ክቡ ጠበበ። በአራተኛው ነጥብ ብቻ ቀረች።

«በቃ እትዬ፣ ትንሽ ናት።»

«ትንሽ ናት ብለህ ቅማል ያለበት ራስ ትተዋለህ?»

አምስተኛው ንጹሕ፣ ነጣ ያለ አረንጓዴ ነበር። ከጉልበት ከሚደርሰው ቁልቋል አንድ ስንዝር ተኩል ቀረ፤ አናቱ ላይ ያ ማራገቢያ አለ።

ቁስሉ እስኪደርቅ በባዶ የክር ካርቶን ውስጥ፣ ጥላ ቦታ አቆመችው። አፈር የለም፤ ውሃ የለም። እጇ ሥራ ለለመደ ሰው ዝም ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው። በቀን አንዴ ክዳኑን ከፍታ ታየውና መልሳ ትከድናለች። እሑድ መጣ፤ ስልኩ አልጮኸም። የሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ አለፈ። አክስቴ ቀና ብላ ስልኩን ታያለች፤ ከዚያ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች።

በስድስተኛው ሳምንት ፖስተኛው ጥቁር መነጽር አድርገው በሱቁ በር ቆሙ። አክስቴ የስፌት መኪናዋን አቁማ ተነሳች።

«ቃሌን አላከበርኩም፣ ጋሼ።»

«አምጪው።»

ወንበር ሰጠቻቸውና ካርቶኑን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። በእሾሆቹ መካከል እየተጠነቀቁ ለረጅም ጊዜ ዳሰሱት።

«ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ አድያለሁ» አሉ። «ክፉ ደብዳቤ ያደረስኩለት ሰው ያለቅስና በማግስቱ ሰላም ይለኛል። ደብዳቤው ያልደረሰው ግን ይቅር ብሎኝ አያውቅም። አንቺ ክፉውንም አደረስሽልኝ። ያን ቀን የዘጋሁት አንደበቴ ታስሮ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ለመደወል አፈርኩ። ተመስገን፣ ሳላመሰግንሽ አልሞትኩም።»

ቁልቋሉን አጋድመው ታቹን ሲዳስሱ ቆም አሉ።

«ይሄ ምንድን ነው? እሾህ እንዳልለው አይወጋ።»

ጎንበስ ብለን አየን። በደረቀው ቁስል መሃል የክር ጫፍ የመሰሉ ሁለት ነጫጭ ነገሮች ብቅ ብለዋል። በጤነኛ ዓይናችን ማንኛችንም አላየናቸውም ነበር። አክስቴ አንዴ ተታልላለችና አላመነችም፤ እፍ አለችባቸው፣ አልተነቃነቁም። አጉሊ መነጽሯን አመጣች።

«እግር የለውም!» ብላ ጮኸች። «ሥር ነው ጋሼ፣ ሥር!» እንባዋን አንገቷ ላይ በተንጠለጠለው ሜትር ጫፍ ጠረገች።

ፖስተኛው ሲነሱ ካርቶኑን መልሰው ሰጧት። «አንቺ ዘንድ ይቆይ» አሉ። «ልብስ ብቻ እንዳትሰፊለት።»

አሁን ቅዳሜ ጠዋት እሳቸውም ይወርዳሉ፤ ሜትሩን በጣታቸው ይይዛሉ፣ እሷ ቁጥሩን ትጽፋለች። ቁልቋሉ ታቹ በተበሳ ሸክላ ውስጥ፣ ጠጠር ላይ ራቁቱን ቆሟል። እኔም ጠዋት ጠዋት መጋረጃዬን እከፍታለሁ።

የጨርቁ መቀስ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ጨርቅ ማኘክ ጀመረ። ሦስት ጊዜ ተስሎ ወደ ቀድሞው ስለቱ አልተመለሰም። አክስቴ አዲስ ገዛች፤ የድሮውን ባየችው ቁጥር «ተመስገን» ትላለች እንጂ አልጣለችውም። ካርቶን የምንቆርጠው በእሱ ነው።